የካስቲንግ ሙያን በተግባር ልምምድ ለመማር ማወቅ የሚገባዎት

ካስቲንግ ብረታ ብረትን አቅልጦ በተዘጋጀ ቅርጽ ውስጥ በማፍሰስ የማሽን መለዋወጫና ልዩ ልዩ ዕቃዎችን የማምረት ሙያ ነው። ሙያው በክፍል ትምህርት ብቻ አይቀሰምም፤ ሠልጣኙ የቅርጽ አሸዋውን እርጥበት በእጁ መለየትን ከባለሙያ ጎን ሆኖ ይለምዳል።

ደኅንነት

አሉሚኒየም የሚቀልጠው በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። የቀለጠ ብረታ ብረት እርጥብ መሣሪያ ወይም ቅርጽ ከነካ ውኃው በቅጽበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ የጋለውን ፈሳሽ ይረጫል፤ ከባድ ቃጠሎም ያደርሳል። በመሆኑም የፊት መከላከያ፣ የቆዳ ጓንት፣ ሽርጥና የደኅንነት ጫማ ሳያሟሉ ወደ ምድጃ አይቅረቡ።

ውል

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙያ መልመድ ውል በጽሑፍ ሊደረግ ይገባል፤ የለማጁ ዕድሜም ከ15 ዓመት ማነስ የለበትም። ከመፈረምዎ በፊት ውሉ የሚከተሉትን መግለጹን ያረጋግጡ፦

• የሥልጠናውን ዓይነትና የሚቆይበትን ጊዜ፣
• በሥልጠናው ወቅት የሚሰጠውን ክፍያ፣
• የሥራውን ሁኔታ።

ውሉ ሲያበቃ አሠሪው የሠለጠኑበትን ሙያና የቆይታ ጊዜውን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት የመስጠት ግዴታ አለበት። ያለዚህ ሰነድ የቀሰሙትን ልምድ ለሌላ ቀጣሪ ማስረዳት አዳጋች ስለሚሆን፣ ሳይቀበሉ ከድርጅቱ እንዳይለቁ እናሳስባለን።