የምጣዱ ጨረር ወይስ የከሰሉ አየር?

ኤሌክትሪክ ምጣድ አጠገብ ሲቆሙ ራሳቸውን የሚያማቸው አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 (እ.ኤ.አ.) እንደገለጸው ሕመሙ እውነተኛ ነው፤ ከኤሌክትሪክና ማግኔት መስክ መምጣቱ ግን አልተረጋገጠም። መስኩም ጥቂት ራቅ ሲሉ ቶሎ ይዳከማል።

ይህን ፈርተን በደብረ ማርቆስ ብርድ በር ዘግተን ከሰል ብናቀጣጥል ግን ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይገድለናል። ከሸሪዓችን ዓላማዎች አንዱ ነፍስን መጠበቅ ነውና እንጠንቀቅ።

ምጣድ ስንገዛ ገመዱ ወፍራም፣ የመሬት ሽቦም ያለው ይሁን። 3,500 ዋት የሆነው በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ስለሚስብ ቀጭን የቤት ሽቦ ይግላል፤ ባለሙያ ያስገባልን። እንጀራው እስኪበስል ራቅ እንበል። ሕመሙ ካልተወን ሐኪም እናማክር። አላህ ቤታችንን ይጠብቅልን፤ አሚን።