«ያ» ከማለታችሁ በፊት፦ ከሉብልያና የስብሰባ ክፍል የወጣ ሹክሹክታ

ጠጋ በሉ፣ ጮክ ተብሎ የሚነገር አይደለም። የስሎቬንኛ መማሪያ መጽሐፍ ገና ሲጀምር «አዎ ማለት ዳ ነው» ይላችኋል። አልዋሸም። እኔ ግን በሉብልያና ቢሮዎች በአስተርጓሚ ወንበር ተቀምጬ ሰው ሲስማማ ስሰማ ነው የኖርኩት፤ «ዳ» ብቻዋን ስትወጣ የምሰማው ከስንት አንዴ ነው። የከበረ ቦታ አላትና። ለጽሑፍ፣ ለመሐላ፣ ለሙሽሮች የተተወች ናት፤ ስሎቬናውያን እገሌ አገባ ለማለት «ኡሶድኒ ዳ» አለ ይላሉ፣ ዕጣውን የሚወስነውን ቃል ተናገረ እንደማለት ነው። ለቡና ግብዣ ይህችን ቃል ብትመልሱ የሚቆጣችሁ የለም፤ ንግግሩ ግን ይደርቃል። የዕለት ተዕለቷ ቃል «ያ» ናት። እሷም ብትሆን ብቻዋን ጨዋ አታሰኝም፤ ጨዋነቱ ተከትሏት በሚመጣው ላይ ነው።

የሚከተላት የጠያቂው ግስ ነው። «ቦስቴ ካቮ?» ብለው ቡና ሲያቀርቡላችሁ «ቦም፣ ህቫላ» ትላላችሁ፦ እጠጣለሁ፣ አመሰግናለሁ። «ኢማቴ ቻስ?» ጊዜ አለዎት? «ኢማም»፣ አለኝ። «ፕሪዴቴ ዩትሪ?» ነገ ይመጣሉ? «ፕሪዴም»፣ እመጣለሁ። አማርኛ ተናጋሪ እዚህ ላይ አይቸገርም፤ እኛም «ትመጣለህ?» ስንባል «እመጣለሁ» ብለን ግሱን መልሰን መስጠት ለምደናልና። አዲስ መጪዎች ይህን ሀብታቸውን ትተው ሁሉን ነገር በ«ያ» ሲመልሱ ሳይ ያሳዝነኛል። ግሱን መመለስ ጥያቄህን በደንብ ሰምቼሃለሁ ማለት ነው።

ስሎቬንኛ ደግሞ ከዚህም አልፎ ይሄዳል። «ሴ ስትሪኛቴ?» ማለት «ይስማማሉ?» ነው። መልሱ አንዲት አጭር ቃል ብቻ ሊሆን ይችላል፦ «ሴ»። ይህች «ሴ» የግሱ ተቀጥላ ናት፤ በሌሎች የስላቭ ቋንቋዎች እንዲህ ያለች ተቀጥላ ግሷን ትታ ለብቻዋ መልስ መሆኗ እምብዛም አይታወቅም፣ የቋንቋ ተመራማሪዎችም ብዙ የጻፉበት ጉዳይ ነው። በስብሰባ ላይ አንድ ሽማግሌ ጠበቃ ቀና ሳይሉ «ሴ» ካሉ ሰነዱ አለፈ ማለት ነው። መማሪያ መጽሐፉ ላይ ግን ሙሉው «ስትሪኛም ሴ» ነው የተጻፈው። ስታጠናክሩት ተቀጥላዋ ወደ ፊት ትመጣለች፦ «ፖፖልኖማ ሴ ስትሪኛም»፣ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ቦታዋን ከሳታችሁ ትርጉሙ አይጠፋም፤ እንግድነታችሁ ግን ወዲያው ይታወቃል።

አሁን ወደ ዋናው ምስጢር ልግባ። ስሎቬንኛ ስምምነትን በሰው ቁጥር ይለካል። እኔ ስስማማ «ስትሪኛም ሴ» እላለሁ። ሁለት ስንሆን «ስትሪኛቫ ሴ»፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ስንሆን «ስትሪኛሞ ሴ»። ሁለትነት በዚህ ቋንቋ የራሱ መልክ አለው፤ በየገበያው፣ በየቤቱ፣ በየሰነዱ ሕያው ሆኖ ይሠራል። መጽሐፍ የሚያስተምራችሁ አረባቡን ነው። ቃሉ በር እንደሚከፍትና እንደሚዘጋ ግን የምታዩት ክፍሉ ውስጥ ስትገኙ ነው።

አንድ የቤት እድሳት ንግግር ላይ ሳስተረጉም ያየሁት ይህንን ነው። ሁለት ወንድማማቾችና አንድ ተቋራጭ ተቀምጠዋል። ዋጋው ላይ ሲደርሱ ታላቅየው ተቋራጩን ዓይን ዓይኑን እያየ «ቶሬይ፣ ስቫ ዝሜኜና?» አለው። እንግዲህ እኔና አንተ ተስማማን? ተቋራጩ «ስቫ» አለ። ታናሽየው እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ማንም አልሰደበውም፣ ድምፅም ከፍ አላለም። «ስሞ ዝሜኜኒ?» ቢባል ኖሮ ሦስቱም ውስጥ ነበሩ፤ በአንዲት የግስ ቅርጽ ሁለቱ ውስጥ ቀሩ፣ አንዱ ውጭ ሆነ። እኔም ወደ ሌላ ቋንቋ «ተስማማን» ብቻ ብዬ ባልፈው የክፍሉን ግማሽ ነገር እደብቅ ነበር፤ ስለዚህ «ሁለታችን» የሚለውን ጨምሬ ነገርኩ። ስሎቬናዊ «ስቫ» ሲላችሁ ዙሪያችሁን ተመልከቱ፤ ማን እንደተቆጠረና ማን እንዳልተቆጠረ እዚያው ታያላችሁ።

ክብሩም የራሱ ሒሳብ አለው። ለማያውቁት ሰው፣ ለሐኪም፣ ለመምህር፣ ለቢሮ ሠራተኛ በ«ቪ» ነው የሚናገሩት፣ እኛ «እርስዎ» እንደምንለው። ይህን አነጋገር «ቪካኜ»፣ በ«አንተ» እና በ«አንቺ» መናገርን ደግሞ «ቲካኜ» ይሉታል። ጥንት ለካህንና ለወላጅ «እነሱ» እያሉ የሚናገሩበት «ኦኒካኜ»ም ነበር፤ አሁን ከአፍ ወጥቷል ማለት ይቻላል። «ልክ ነዎት» ለማለት «ፕራው ኢማቴ» ትላላችሁ፣ ለጓደኛ ከሆነ «ፕራው ኢማሽ»። እዚህ ድረስ ቀላል ነው። ባለፈ ጊዜ ላይ ግን አንድ ቋጠሮ አለ። ለአንዲት ወይዘሮ «ልክ ነበሩ» ስትሉ ደንቡ የወንድ ብዙ ቁጥር ነው፦ «ጎስፓ፣ ፕራው ስቴ ኢሜሊ»። ብዙ ሰው «ፕራው ስቴ ኢሜላ» ብሎ ሴትና ነጠላ ያደርጋታል፤ መንገድ ላይ በየቀኑ ትሰሙታላችሁ። የሰዋስው መምህራን ይህን በጎ አይሉትም። እኔ የምመክራችሁ የመጀመሪያውን ነው፣ በተለይ በጽሑፍ። በደብዳቤ ላይ ደግሞ ለአንድ ሰው ክብር ለማሳየት የ«ቪ»ን የመጀመሪያ ፊደል በትልቁ መጻፍ የተፈቀደ ነው፤ የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ሐበሻ ይህን ሲዘነጋ ደጋግሜ አይቻለሁ።

የሚጎዳንን ልንገራችሁ። እኛ ታላቅ ሰው ሲናገር «እሺ፣ እሺ» እያልን ማዳመጥ አስተዳደጋችን ነው። ያንኑ ልማድ ይዛችሁ «ያ፣ ያ» ብትሉ ስሎቬናዊው የሚሰማው ሌላ ነገር ነው፦ አላመንኩህም፣ ወይም ቶሎ ጨርስልኝ። መስማታችሁን ለማሳየት «አሃ» ወይም «ምህም» ይበቃል፤ በማዳመጥ መሃል ሁለቱም እየሰማሁ ነው ማለት ናቸው። ከዚህ የባሰው ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን «አዎ» የምንልበት ድምፅ ነው። ለእኛ ፍቅርና ትሕትና ያለበት መልስ ነው። እዚያ ግን ያ ድምፅ የድንጋጤ ነው፤ የሚያነጋግራችሁ ሰው ምን ሆናችሁ ብሎ ይጨነቃል። ይህን ድምፅ ለቤታችሁ አቆዩት።

የእነሱም ጨዋ አነጋገር ውስጥ «አይሆንም» ተሸፍኖ ይመጣል። «ናቼሎማ ሴ ስትሪኛም» ከሰማችሁ፣ «በመርህ ደረጃ እስማማለሁ» ማለት ነው፤ ጆሯችሁን ለሚቀጥለው ዐረፍተ ነገር አዘጋጁ፣ «አምፓክ» የምትለዋ «ግን» እየመጣች ነው። «ቦሞ ቪዴሊ»፣ «እናያለን»፣ ቀጠሮ አይደለም። «ሴቬዳ» ደግሞ ሁለት ፊት አላት። አንድ ነገር ለጠየቃችሁ ሰው «ሴቬዳ» ብትሉ «እንዴታ!» ነው፣ ልብ ያሞቃል። ሐሳቡን ለነገራችሁ ሰው ብትሉ ግን «ይህማ የታወቀ ነው» ሊመስል ይችላል። ለሐሳብ «ሬስ ዬ»፣ እውነት ነው፣ ወይም «ታኮ ዬ»፣ እንደዚያ ነው፣ ይሻላል። ለግብዣ «ዝ ቬሴልዬም»፣ በደስታ፣ የሚበልጠው የለም።

አንድ ነገር በአሉታ ሲነገራችሁ ተጠንቀቁ። «ኒማቴ ቭፕራሻኝ?» ጥያቄ የለዎትም? እኛ «አዎ፣ የለኝም» እንላለን። «ያ» ብላችሁ ዝም ብትሉ ግን ሰውየው አለ ይሁን የለም አይለይለትም። ግሱን ስጡት፦ «ኒማም»፣ የለኝም። አንድ ሰው «ኒ ላህኮ»፣ ቀላል አይደለም፣ ብሎ ቢተነፍስላችሁ መስማማታችሁን በአሉታው ግለጹ፦ «ሬስ ኒ»፣ በእውነት አይደለም። እንዲህ ስትሉ ፊቱ ሲፈታ ታያላችሁ።

መደበኛው መድረክ ብዙ አያስቸግርም። ድርዣቭኒ ዝቦር በሚባለው ባለ 90 መቀመጫ ምክር ቤት አንድ ተናጋሪ ከእሱ በፊት የተናገረውን ሲደግፍ «ፕሪድሩዡዬም ሴ ምኔኙ ፕሬድጎቮርኒካ» ይላል፣ የቀደመኝን ተናጋሪ ሐሳብ እጋራለሁ ማለት ነው። ድምፅ ሲሰጥ የሚጠየቀው «ክዶ ዬ ዛ?» ነው፣ የሚደግፍ ማነው? ይህችው «ዛ» ሻይ ቤትም ትገባለች፤ ጓደኛ ቡና እንጠጣ ሲል «ሴም ዛ» ይባላል። ስሎቬናውያን ለድጋፍ ቃል ክብደት የሚሰጡት ያለ ምክንያት አይመስለኝም፤ በታኅሣሥ 1990 እ.ኤ.አ. በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ከተመዘገበው መራጭ 88.5 በመቶው ነጻነትን ደግፎ ድምፅ ሰጥቷል፣ አገሪቱም በሰኔ 1991 ነጻነቷን አወጀች።

የመጨረሻው ሹክሹክታ ገንዘብና ቀጠሮን ይመለከታል። «ቬልያ»፣ «ድርዢ»፣ «ዝሜኜኖ» የሚሉት ሦስት ቃላት ትሕትና ብቻ አይደሉም፤ ነገሩ ተዘጋ ማለት ናቸው። ማክሰኞ በ8 ሰዓት ተባብላችሁ «ቬልያ» ካላችሁ፣ ማክሰኞ በ8 ሰዓት ይጠብቋችኋል፤ የሚደውልና የሚያስታውስ አይኖርም። እነሱም ሰዓት የሚቆጥሩት ከእኩለ ሌሊት ነውና የእኛ 2 ሰዓት ጠዋት መሆኑን አትርሱ። ስለዚህ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ትምህርት ቤት፣ ወረቀት ይዛችሁ ቢሮ ስትቀመጡ፣ ለማክበር ብላችሁ ያልገባችሁን ነገር በ«ያ» አታሳልፉ። «ላህኮ ፖኖቪቴ፣ ፕሮሲም?» በሉ፣ እባክዎ ይድገሙልኝ። ይደግሙላችኋል።