የወፎችን መምጫ ቀን በየዓመቱ ስለ መጻፍ

የሰው ልብ ያየውን ሁሉ ሊይዝ አይችልም። ትናንት የታየው ነገር ዛሬ ይታወሳል፤ ከወር በኋላ ግን ይደበዝዛል፤ ከዓመት በኋላም ይጠፋል። አንድ ሰው፦ «ባለፈው ዓመት ጨረባ የመጣችው በየትኛው ቀን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ፥ «በዚህ ሰሞን ይመስለኛል» ከማለት በቀር የሚመልሰው የለውም። ባየ ጊዜ ቀኑን የጻፈ ሰው ግን ደብተሩን ገልጦ እውነቱን ይናገራል። ስለዚህ በብዙ አገር ያሉ ሰዎች ያዩአቸውን ወፎች ስምና ያዩበትን ቀን በየዓመቱ ይጽፋሉ። ዓመቱ ሲያልቅ ዝርዝሩ ይዘጋል፤ አዲስ ዓመት ሲገባም እንደ ገና ከአንድ ይጀመራል። በአውሮጳ ይህ ዝርዝር ፈጥኖ የሚረዝመው በጸደይ ወራት ነው፤ ብዙ ወፎች ከሩቅ አገር የሚመለሱት ያን ጊዜ ነውና።

ወፎች ከአገር ወደ አገር የሚሄዱት ያለ ምክንያት አይደለም። ጨረባ እየበረረች ዝንብና ትንኝ ትበላለች። በአውሮጳ ብርዱ ሲበረታ ዝንቡና ትንኙ ይጠፋል፤ እርስዋም ምግብ ወደሚገኝበት ወደ ሞቃት አገር ትሄዳለች። ጸደይ በገባ ጊዜ ግን በዚያ አገር ቀኑ ይረዝማል፤ ዛፉ ቅጠል ያወጣል፤ ትንኙም ይበዛል። ጨረባም ተመልሳ ጎጆዋን ትሠራለች፤ በረጅሙም ቀን ጫጩቶችዋን ትመግባለች። ጸደይ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አቈጣጠር ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ወራት ነው፤ የአውሮጳም ጸደይ ከዚሁ ጋራ ይቀራረባል።

ይህን ነገር በትጋት ከጻፉት ሰዎች አንዱ በእንግሊዝ አገር፥ በኖርፎክ አውራጃ የነበረው ባለርስት ሮበርት ማርሻም ነው። እርሱ በ1736 ዓ.ም. በአውሮጳ አቈጣጠር የጸደይን ምልክቶች መጻፍ ጀመረ፤ ከዚህ በታች የሚነገሩትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። የመጀመሪያይቱ ጨረባ የታየችበትን ቀን፥ ኩኩ የምትባለው ወፍ የተሰማችበትን ቀን፥ እንቍራሪት የጮኸችበትን ቀን፥ ልዩ ልዩ ዛፎችም ቅጠል ያወጡበትን ቀን ጻፈ። ምልክቶቹ በጠቅላላው 27 ነበሩ። በ1789 ዓ.ም. ጽሕፈቱ የለንደን ሊቃውንት ማኅበር በሚያወጣው መጽሔት ታተመ። ማርሻም በ1797 ዓ.ም. ሲሞት የ89 ዓመት ሽማግሌ ነበረ። ከእርሱም በኋላ ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ሥራውን ተቀበሉ፤ በመካከል የጐደሉ ዓመታት ቢኖሩም እስከ 1958 ዓ.ም. ድረስ ጻፉት።

በዚያው ዘመን በእንግሊዝ ደቡብ፥ ሴልቦርን በምትባል መንደር፥ ጊልበርት ኋይት የሚባል ቄስ ነበረ። እርሱም ከ1768 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ሞተበት እስከ 1793 ዓ.ም. ድረስ ያየውን በየዕለቱ ይጽፍ ነበረ። በአገሩ በጸደይ የሚመጡ መልካቸው አረንጓዴ የሚመስል ትንንሽ ወፎች ነበሩ፤ ሰዎችም ሁሉንም አንድ ወገን አድርገው ይቈጥሩአቸው ነበረ። ኋይት ግን ድምፃቸውን ለይቶ ሰማ፤ አካላቸውንም አስተያየ። አንደኛይቱ ከሁሉ ቀድማ መጥታ ሁለት ድምፅ ብቻ ትደጋግማለች፤ ሁለተኛይቱ እየወረደ የሚሄድ ጣፋጭ ዜማ ታሰማለች፤ ሦስተኛይቱም በረጃጅም ዛፎች ራስ ላይ ሆና እንደ ፌንጣ ያለ ድምፅ ታሰማለች። እንዲህም በማስተዋል ሦስት ወገን መሆናቸውን አወቀ።

ነገር ግን ይህ ብልህ ሰው የተሳሳተበት ነገርም አለ። በዚያ ዘመን፥ ጨረባ በብርድ ወራት ወደ ሌላ አገር አትሄድም፤ በጕድጓድ ወይም በውኃ ውስጥ ተሸሽጋ ትተኛለች የሚሉ ሊቃውንት ነበሩ። የኋይት ወንድም በጅብራልታር ሳለ ወፎቹ ባሕሩን ሲሻገሩ አይቶ ጽፎለት ነበረ። ሆኖም ኋይት ብርድ ከገባ በኋላ ዘግይተው የታዩ ጨረባዎችን ስላየ፥ ጥቂቶቹ ሳይሄዱ በአገሩ ይሸሸጋሉ የሚለውን አሳብ ሊተው አልቻለም። የተሸሸጉትንም ለማግኘት ሰዎችን አቁሞ ቍጥቋጦውን አስፈለገ። አንዲት ጨረባ እንኳ አልተገኘችም።

የዚህ ሰው ታማኝነት የሚታወቀው በዚህ ነው። ልቡ የወደደውን አሳብ የሚያጸና ነገር ቢያገኝ ደስ ባለው ነበረ፤ ነገር ግን ያላየውን አየሁ ብሎ አልጻፈም። ተፈልጎ አልተገኘም ብሎ ጻፈ እንጂ። አሳቡ ስሕተት ነበረ፤ ጽሕፈቱ ግን እውነት ነበረ። ስለዚህ ስሕተቱ ማንንም ሳይጐዳ አለፈ፤ ጽሕፈቱ ግን እስከ ዛሬ ይነበባል።

እውነቱም ቀስ በቀስ ተገለጠ። በ1822 ዓ.ም. በጀርመን አገር አንዲት ሽመላ ተገደለች፤ በአንገትዋም የአፍሪካ ሰዎች የሚወጉበት ዓይነት ፍላጻ ተሰክቶ ተገኘ። ፍላጻውን ይዛ ያን ሁሉ አገር በርራ ነበረ። ይህች ሽመላ ደርቃ በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ተቀምጣለች። በ1899 ዓ.ም. ሃንስ ክርስቲያን ሞርተንሰን የሚባል የዴንማርክ አስተማሪ ከአሉሚንየም ቀለበት ሠርቶ፥ ቍጥርና የከተማውን ስም ጽፎበት፥ በወፎች እግር ላይ ማድረግ ጀመረ፤ ወፊቱን ያገኘ ሰው ከወዴት እንደ መጣች እንዲያውቅ። ከዚያም በግንቦት 1911 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በአንዲት ጨረባ እግር ላይ ቀለበት ተደረገ። ይህችው ጨረባ በ1912 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር በደቡብ አፍሪካ በናታል ተያዘች። ቍጥሩም በተነበበ ጊዜ፥ የእንግሊዝ ጨረባ በብርድ ወራት የምትቀመጥበት ስፍራ ታወቀ። ይህ ሁሉ የታወቀው ቍጥሩንና ቀኑን አስቀድሞ በትክክል የጻፈ ሰው ስለ ነበረ ነው።

የማርሻም ጽሕፈትም እርሱ ራሱ ላላሰበው ሥራ ዋለ። ከ200 ዓመት የሚበልጥ ዘመን በኋላ ሊቃውንት ጽሕፈቱን ከየዓመቱ ሙቀት ጋራ አስተያዩት። ጸደይ በሞቀበት ዓመት ዛፎች ቅጠላቸውን ቀድመው እንደሚያወጡ ከዚያ አገኙ። ዛሬም የምድር ሙቀት እየጨመረ ሲሄድ በአውሮጳ ብዙ ምልክቶች ከቀድሞ ጊዜያቸው ቀድመው ይታያሉ። ይህንም ለማወቅ የቀድሞው ቀን የግድ ያስፈልጋል። አባቶች ባይጽፉት ኖሮ ልጆች ዛሬ ከምን ጋራ ያስተያዩት ነበረ?

እንግዲህ የወፎችን ዝርዝር የሚጽፍ ሰው አራት ነገር ይጠብቃል። መጀመሪያ፥ ያየውን በዚያው ዕለት ይጽፋል፤ ለነገ ያቈየው ይረሳልና። ሁለተኛ፥ ያየበትን ስፍራና የወፎቹን ቍጥር ይጽፋል። ሦስተኛ፥ ስሙን ያልለየውን ወፍ በግምት አይሰይመውም፤ መልኩንና ድምፁን ጽፎ የስሙን ስፍራ ባዶ ይተዋል። አራተኛ፥ ፈልጎ ያጣበትንም ቀን ይጽፋል። ጨረባ ሐሙስ ዕለት ታየች ቢባል፥ ረቡዕና ማክሰኞ ማንም ካልተመለከተ፥ በእነዚያ ቀኖች መምጣት አለመምጣትዋ አይታወቅም። ተመልክቶ ያጣ ሰው ግን መምጫዋን ከሌላው አቅርቦ ያውቃል።

በዚህ ሥራ የሚመጣ ፈተና አለ። ሁለት ጓደኞች ዝርዝር ቢጽፉ፥ አንዱ 30 ወፎች፥ ሁለተኛው 21 ቢኖሩት፥ ሁለተኛው ማፈር ይጀምራል። ከሩቅ ያየውን ጥላ በወፍ ስም መጻፍ፥ ጓደኛው ያየውንም እንደ ራሱ አድርጎ መቍጠር ያምረዋል። ማንም አያየኝም ይላል። በእውነትም ያን ጊዜ የሚያየው የለም። ነገር ግን አንዱ ሐሰት ከታወቀ በኋላ፥ እውነተኞቹ 21 ወፎች ሁሉ ይጠረጠራሉ። ሐሰቱም ሳይታወቅ ቢቀር ከዚያ ይከፋል፤ ኋላ የሚያነበው ሰው በእርሱ ላይ ተደግፎ ይስታልና። በወተት ላይ የተጨመረ ውኃ ዕቃውን ይሞላል፤ ወተቱን ግን አያበዛም።

ለኢትዮጵያ ልጅም ይህ ሥራ ቅርብ ነው። በመስከረምና በጥቅምት ከሰሜን አገሮች ብዙ ወፎች ወደ ኢትዮጵያ ይመጣሉ። ጨረባዎች በሜዳው ላይ ይበርራሉ፤ የዱር ዳክዬዎችም እንደ ዝዋይ ባሉ ሐይቆች ላይ ይሰፍራሉ። የአውሮጳ ሰው የመምጫቸውን ቀን በሚጠብቅበት በጸደይ ግን፥ በኢትዮጵያ የመሄጃቸው ወራት ነው። የመጨረሻውን ቀን ማወቅ ከመጀመሪያው ይልቅ ይከብዳል። የመጀመሪያይቱን ጨረባ ያየ ሰው ወዲያው ያውቃታል፤ የመጨረሻይቱን ያየ ግን፥ መጨረሻ መሆንዋን የሚያውቀው ከሄደች በኋላ ነው። ስለዚህ በየቀኑ ሳይታክት የጻፈ ልጅ ብቻ፥ ደብተሩን ወደ ኋላ ገልጦ ቀኑን ያገኛል።

ወፊቱ የሁለት አገር ናት፤ መንገድዋንም አንድ ሰው ብቻውን ሊያይ አይችልም። አንዱ በመሄጃዋ፥ ሌላው በመምጫዋ ቆሞ ይጽፋል። እነዚህ ሁለት ሰዎች አይተዋወቁም፤ ቋንቋቸውም ልዩ ነው። የአንዱ ጽሕፈት ለሌላው የሚጠቅመው ግን ሁለቱም ያዩትን ብቻ የጻፉ እንደ ሆነ ነው።