ከ9ኛው ሳጥን መጀመር

በሐዋሳ ዙሪያና በስምጥ ሸለቆው መንደሮች ጥርሳቸው የበለዘ ሰዎች ብዙ ናቸው። ምክንያቱ ውሃው ነው። ከእሳተ ገሞራ ዐለት የሚሟሟው ፍሎራይድ ከጉድጓድ ውሃ ጋር ይወጣል፤ ልጅ ጥርሱ ድድ ውስጥ ገና በሚሠራበት ዕድሜ ሲበዛበት ደግሞ የጥርሱ ሽፋን በወጉ አይጠነክርም። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በስምጥ ሸለቆው ከዚህ ብዙ እጥፍ የሚይዙ ጉድጓዶች አሉ። ስለዚህ የሐዋሳ ተማሪ በስልኩ ወይም በኮምፒውተር ፔሪዮዲክ ቴብል ሲከፍት ከሃይድሮጅን ባይጀምር እመርጣለሁ። ከ9ኛው፣ ከፍሎሪን ይጀምር።

ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ሰንጠረዥ ለ118ቱም ንጥረ ነገሮች ምልክት፣ ቁጥርና ክብደት ሰጥቶ ዝም ይላል። እንደ ፒቴብል ያለው የድረ ገጽ ሰንጠረዥ ግን ሲነኩት ይመልሳል። ፍሎሪን ሲነካ 9 ኤሌክትሮኖቹ ሁለትና ሰባት ሆነው ይደረደራሉ፤ የውጭው እርከን ሊሞላ አንድ ይቀረዋል። ኤሌክትሮኔጋቲቪቲ ሲመረጥ ሰንጠረዡ በሙሉ ቀለም ይለውጣል፤ ትልቁ ቁጥር፣ 3.98፣ የፍሎሪን ነው። አሁን ካልሲየምን ይንኩት፤ በቀላሉ የሚለቃቸው ሁለት ኤሌክትሮኖች በውጭው እርከን ይታያሉ። የከሰለ አጥንት ፍሎራይድን ከመጠጥ ውሃ የሚያጣራበት ፍንጭ እዚህ አለ፤ አጥንት የካልሲየምና የፎስፌት ውህድ ነው፤ ፍሎራይድም ካልሲየምን አጥብቆ ይይዛል።

እኔ ከሁሉ የምወደው የሙቀት መለወጫውን ነው። 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ብሮሚንና ሜርኩሪ ፈሳሽ ናቸው። ሞቃት የሐዋሳ ከሰዓት ወደሚደርስበት ወደ 30 ሲገፉት ሲዝየምና ጋሊየምም ይቀልጣሉ። ጋሊየምን ዲሚትሪ ሜንዴሌቭ ማንም ሳያየው ተንብዮታል፤ እ.ኤ.አ. በ1869 ባዘጋጀው ሰንጠረዥ ቦታ ተወለት። በ1875 ፈረንሳዊው ሌኮክ ደ ቧቦድራን አገኘውና እፍግታውን 4.7 ብሎ ለካ። ሜንዴሌቭ ግን 5.9 ገደማ መሆን አለበት፣ እንደገና ይለካ አለ። ሲለካ 5.9 ሆነ። ንጥረ ነገሩን በእጁ ነክቶ የማያውቅ ሰው፣ ከሰንጠረዡ ብቻ ተነሥቶ፣ በእጁ የያዘውን ሰው አረመ!

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ሳጥኑ የሚናገረው ስለ ንጥረ ነገሩ ብቻውን ነው። የፍሎሪን ሳጥን አንሪ ሟሳን እ.ኤ.አ. በ1886 ለይቶ ስላወጣው ፈዛዛ ቢጫ መርዛማ ጋዝ ይገልጻል፤ ያንን ያነበበ ልጅ ጋዙ ጉድጓዱ ውስጥ ያለ ቢመስለው አይፈረድበትም። ይህን ለማጥራት የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲው ፌት የተባለው ፕሮጀክት ያዘጋጀው የኮምፒውተር አቶም መሥሪያ ይረዳል። ተማሪው 9 ፕሮቶንና 9 ኤሌክትሮን ሰብስቦ አሥረኛ ኤሌክትሮን ሲጨምር ስሙ ፍሎሪን እንደሆነ ይቀራል፤ ቻርጁ ግን ኔጋቲቭ አንድ ይሆናል። ከጉድጓዱ ውሃ ጋር የሚቀዳው ይህኛው፣ ፍሎራይዱ፣ ነው። መሥሪያው አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠራ፣ መስመር በሚቆራረጥበት ትምህርት ቤትም መምህሩ ሊጠቀምበት ይችላል።