ሥጋው ለአባወራ፣ መረቁ ለሕፃን፦ ስለ ፕሮቲን የሚወራውና እውነቱ

ዐቢይ ጾም ሊፈታ ሲል ታክሲ ውስጥም ቢሮ ውስጥም የማይጠፋ ወሬ አለ፤ «ጉልበቴ ከዳኝ፣ ሥጋ ካልቀመስኩ ሰው አልሆንም» የሚል። 55 ቀን ሽሮና ምስር የበላ ሰው ፕሮቲን እንደጎደለው አይጠራጠርም። ጂም የሚሠራው ወጣት በበኩሉ ከሌላ ወጪው ቀንሶም ቢሆን ከውጭ የመጣውን የፕሮቲን ዱቄት ይገዛል። ነፍሰ ጡሯ ደግሞ እንቁላሉን ገሸሽ ታደርጋለች፤ «ልጁ ይገዝፍና ምጥ ይጸናብሻል» ተብላለች። ሦስቱም ስተዋል። ዋጋው ግን እኩል አይደለም። የመጀመሪያው ቢበዛ ለፋሲካ ማግስት ሆዱን ይታመማል፣ የሁለተኛው ኪስ ይራቆታል፣ የሦስተኛዋ ግን ለልጇም ይተርፋል። በእኛ ዘንድ ስለ ፕሮቲን አብዝቶ የሚጨነቀው ብዙም የማይጎድለው ሰው ነው፤ ለሚጎድለው ደግሞ መረቅ ይቀርብለታል።

በመጀመሪያ ልኩን እንወቅ። የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው ሪፖርታቸው ለጤናማ አዋቂ ያስቀመጡት መጠን፣ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት 0.83 ግራም ፕሮቲን ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 50 ግራም ይመጣል። ይህም ቢሆን ሰፋ ተደርጎ የተለካ ነው። አማካዩ ፍላጎት 0.66 ግራም ሲሆን፣ ቀሪው የተጨመረው ከሌላው የበለጠ የሚያስፈልገውም ሰው እንዳይጎድለው ነው። 50 ግራም ፕሮቲን ሲባል ግን 50 ግራም ሥጋ ማለት እንዳይመስላችሁ። አንድ መቶ ግራም ጥሬ ቀይ ሥጋ ውስጥ ያለው ፕሮቲን 20 ግራም ገደማ ነው፤ አንድ የፈረንጅ እንቁላል 6 ግራም ያህል ይሰጣል፣ የሐበሻው አነስ ስለሚል 5።

«ጾመኛ ፕሮቲን ከየት ያገኛል?»

ከሞሰቡ። ጤፍ ከክብደቱ ከመቶው ከ11 እስከ 13 እጅ ፕሮቲን ነው፤ ሰፋ ያለ አንድ እንጀራ ውስጥ ከ10 ግራም የማያንስ አለ። ወጥ ውስጥ የሚገባ 50 ግራም ደረቅ ምስር 12 ግራም ይጨምራል። ያንኑ ያህል የሽሮ ዱቄት 10 ግራም ገደማ፣ አንድ እፍኝ የሽምብራ ቆሎ 8 ግራም ያህል። በቀን ሁለት እንጀራ፣ አንዴ በምስር አንዴ በሽሮ የበላ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቆሎ የቆረጠመ ሰው 50ውን ሞልቷል። የጥራጥሬና የእህል ፕሮቲን እንደ ሥጋና እንደ ወተት ሙሉ በሙሉ ስለማይፈጭ፣ ጾመኛ ከ50 ይልቅ ወደ 60 ቢጠጋ ይሻለዋል። ያም ቢሆን አንድ ጭልፋ ወጥ መጨመር ነው፣ ሌላ ተአምር አይፈልግም።

እዚህ ላይ ስለ ሽሮ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ከላይ ያለው ሒሳብ የሚሠራው ሽሮው ሽሮ ከሆነ ነው። ተጋቢኖ ተብሎ በሸክላ እየተንተከተከ የሚመጣው ወፍራም ሽሮና ሁለት ማንኪያ ዱቄት በብዙ ውኃና ዘይት የተበጠበጠበት ፈሰስ ስማቸው እንጂ ምግብነታቸው አይገናኝም። ኑሮ ሲከብድ መጀመሪያ የሚቀጥነው ወጥ ነው፤ እንጀራው ሆድ ይሞላል፣ ሽሮው ደግሞ ማባያ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ሽሮው ሲፈስ ሒሳቡም አብሮ ይፈሳል። ርካሽ ሽሮ ውስጥ የሚደባለቀው ጓያም ሌላ ጣጣ ነው። በፕሮቲን ብዛት ከጥራጥሬዎች የሚወዳደረው ጥቂት ቢሆንም፣ በድርቅ ጊዜ እንደሚሆነው ለወራት ዋና ምግብ ከሆነ እግር ያሽመደምዳል፤ ሽባነቱም አይመለስም።

ታዲያ የጾመኛው ድካም ውሸት ነው? አይደለም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያልበላ ሰው ቢደክመው አይገርምም፤ ያጣው ግን በአብዛኛው ጠቅላላ ምግቡን ነው፤ በቀን አንድ ጊዜ እየበላ የሚያገኘው ኃይል ቀንሷል። ኃይል ሲያንስ ደግሞ ሰውነት ያገኘውን ፕሮቲን ለግንባታ ከማዋል ይልቅ ያነደዋል። መፍትሔው ሰሊጥ፣ ኑግ፣ ተልባ፣ የሱፍ ፍትፍት፣ ዘይት ያለው ወጥ ነው፤ በአጭሩ የሚበላውን ማብዛት።

«ጉልበት የሚሰጠው ሥጋ ነው»

ይህ እምነት የእኛ ብቻ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ትልቁ የጀርመን ኬሚስት ዩስቱስ ፎን ሊቢግ ጡንቻ ሲሠራ የሚነደው ፕሮቲን ነው ብሎ ያስተምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1865 በዙሪክ የሚያስተምሩ ሁለት ሰዎች፣ አዶልፍ ፊክና ዮሐንስ ቪስሊሴኑስ፣ ይህን በገዛ እግራቸው ፈተኑት። ከአንድ ቀን በፊት ጀምረው ፕሮቲን ያለበት ምግብ ተዉ፤ የስታርች ቂጣ በስብ ጠብሰው ከስኳር ጋር እየበሉ ፋውልሆርን የተባለውን የስዊስ ተራራ ወጡ። ሽቅብ 1956 ሜትር ነው። በየመሃሉም ሽንታቸውን በዕቃ ያጠራቅሙ ነበር፤ ሰውነት ፕሮቲን ሲያነድ ናይትሮጅኑ በሽንት ስለሚወጣ በዚያ መለካት ይቻላል። ሲሰላ፣ ያነደዱት ፕሮቲን ክብደታቸውን ያን ያህል ከፍታ ለማውጣት ከሚያስፈልገው ጉልበት ግማሹን እንኳ አይሸፍንም ነበር። ተራራውን ያወጣቸው ቂጣውና ስቡ ነው።

የእኛ ሯጮች ማዕድም ይህንኑ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት በልምምድ ላይ ያሉ አሥር ታዋቂ ኢትዮጵያውያን የረጅም ርቀት ሯጮች የሚበሉትን ለአንድ ሳምንት እየመዘነ መዝግቧል። ከኃይላቸው ከ60 በመቶ በላይ የሚገኘው እንጀራን ከመሰለ ካርቦሃይድሬት ነበር፣ ከፕሮቲን የሚመጣው 12 በመቶ ገደማ። አብዝተው ስለሚበሉ ብቻ ያ 12 በመቶ ከሚያስፈልጋቸው በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ትምህርት ቤት «አካል ገንቢ» እና «ኃይል ሰጪ» ተብሎ የተከፈለው ለካ በከንቱ አልነበረም።

«የተክል ፕሮቲን ጎደሎ ነው»

ግማሽ እውነት አለው። ፕሮቲን የሚሠራባቸው አሚኖ አሲዶች ሃያ ሲሆኑ ዘጠኙን ሰውነት ራሱ አይሠራቸውም። ጤፍና ስንዴ ላይሲን የተባለው ያንሳቸዋል፤ ምስር፣ አተርና ባቄላ ላይሲን ሞልቷቸው ሜቲዮኒን ያጥራቸዋል። አንዱ የሌላውን ይሸፍናል፤ ሽሮ በእንጀራ ያበሉን እናቶች ስሙን ሳይሰሙ ሥራውን ጨርሰውታል። ሁለቱን በአንድ ማዕድ ማገናኘት ግድ ነው የሚለው ደግሞ ጊዜው አልፎበታል። ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመችው መጽሐፍ በሰፊው ያስተዋወቀችው አሜሪካዊቷ ፍራንሲስ ሙር ላፔ ራሷ በ1981 እትሟ አርማዋለች። ጠዋት ፉል፣ ማታ እንጀራ የበላም ሰው ተሟልቶለታል። የሚያሳስበው አንድ ዓይነት ምግብ ላይ ብቻ መወሰን ነው። ቆጮ ለምሳሌ ፕሮቲኑ እጅግ ትንሽ ስለሆነ አይብ፣ ክትፎ ወይም ባቄላ ካልተጨመረበት ሆድ ከመሙላት አያልፍም።

«ጥሬው ይበልጣል»

ጥሬ ሥጋ የሚወድ ጣዕሙን ይውደድ፣ በዚያ አልከራከርም። ፕሮቲኑ ግን በመብሰሉ አይጠፋም፤ ትርፉ ይልቅ የኮሶ ትል ነው። በእንቁላል በኩል የተለካ ነገርም አለ። ቤልጂየም ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ሙከራ እንዳሳየው፣ ከበሰለ እንቁላል ፕሮቲን 91 በመቶው ሲፈጭ ከጥሬው 51 በመቶው ብቻ ነው የተፈጨው። ጥሬ እንቁላል በወተት መትቶ የሚጠጣው ስፖርተኛ ግማሹን ከንቱ እያስቀረ ነው። አስኳሉን ጥሎ ነጩን ብቻ የሚበላውም ከእንቁላሉ ፕሮቲን 40 በመቶውን ቆሻሻ ውስጥ ይጥላል።

ጂም የሚሠሩትን እዚሁ እንጨርስ። ክብደት እያነሣ ጡንቻ ማሳደግ የሚፈልግ ሰው ከተራው ሰው በላይ ያስፈልገዋል፤ ለአንድ ኪሎ ክብደት 1.6 ግራም አካባቢ ከደረሰ በኋላ ግን ጭማሪው ጡንቻ ላይ ብዙም አይታይም። 70 ኪሎ ለሚመዝን 112 ግራም ነው። ዱቄቱ ከወተት አጓት የተሠራ ምግብ ነው፣ መድኃኒት አይደለም፤ አንድ ስኩፕ 25 ግራም ገደማ ይሰጣል። በአራት እንቁላል ወይም በጥሩ ፉልና በሁለት እንቁላል የሚገኘውን ማለት ነው። ምቾቱን ፈልጎ የሚገዛ ይግዛ። «ሰውነት በአንድ ጊዜ ከ30 ግራም በላይ አይቀበልም» የሚለውም ወሬ እ.ኤ.አ. በ2023 በማስትሪክት ዩኒቨርሲቲ በወጣ ጥናት ፈርሷል። 100 ግራም በአንዴ የተሰጣቸው ሰዎች ሰውነት ከ12 ሰዓት በላይ ሲጠቀምበት ታይቷል።

«መረቁ ላይ ነው ያለው»

በጣም የሚያናድደኝ ይኸኛው ነው። በግ ይታረዳል፤ ሥጋው ለእንግዳና ለአባወራ፣ መረቁ ለታመመ፣ ለአራስና ጥርስ ላላወጣ ሕፃን። «ዋናው ከመረቁ ነው» ይባላል፣ ሰጪዋም ከልቧ ታምንበታለች። ከ200 ዓመት በፊት ፓሪስም ታምኖበት ነበር። ዣን ፒየር ዳርሴ የተባለ ኬሚስት ከአጥንት ጄላቲን የሚወጣበትን ዘዴ አስፋፍቶ፣ በየሆስፒታሉ ለድሆች የአጥንት ሾርባ ይታደል ጀመር። ነገሩ አከራክሮ በፊዚዮሎጂስቱ ፍራንሷ ማዣንዲ የሚመራ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ከዓመታት ሙከራ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1841 የቀረበው ሪፖርት ጄላቲን ብቻውን ነፍስ አያቆይም አለ። የተሞከረባቸው ውሾች ጄላቲኑን እየበሉ ከስተዋል። ዛሬ ምክንያቱን እናውቃለን፤ ጄላቲን ውስጥ ትሪፕቶፋን የተባለው አሚኖ አሲድ የለም። መረቅ ይሞቃል፣ ውኃና ጨው ይሰጣል፣ ምግብ ላስጠላው በሽተኛ ደግ ነው። ፕሮቲኑ ግን ድስቱ ውስጥ የቀረው ሥጋ ላይ ነው። ለሕፃኑም ሥጋውን አድቅቆ፣ በመረቁ አላልቶ መስጠት ይቻላል።

በአገራችን ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶዎቹ ቁመታቸው ለዕድሜያቸው አጭር መሆኑን የ2019ኙ (እ.ኤ.አ.) የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አሳይቷል። ሁሉንም በፕሮቲን ማሳበብ ስሕተት ነው፤ ተቅማጡ፣ የንጹሕ ውኃ እጦቱ፣ የምግቡ ማነስ አለበት። ዓለምም አንድ ጊዜ ሁሉን ነገር በፕሮቲን እጦት አሳብቦ ነበር፤ የሥነ ምግብ ተመራማሪው ዶናልድ ማክላረን እ.ኤ.አ. በ1974 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ክፉኛ እስኪተቸው ድረስ። ቢሆንም ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ያለውን ልጅ በቀጭን አጥሚት ብቻ ማቆየት አያዋጣም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ኢትዮጵያና ስዊድን በጋራ ባቋቋሙት የሕፃናት ምግብ ክፍል የተቀመመው ፋፋ፣ እህሉ ላይ ጥራጥሬና የወተት ዱቄት የተጨመረበት በዚሁ ምክንያት ነው። በኢኳዶር ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ሙከራ ለስድስት ወር በቀን አንድ እንቁላል የተሰጣቸው ሕፃናት ዘንድ የመቀንጨር መጠን በ47 በመቶ ቀንሶ ታይቷል። ማላዊ ላይ ሲደገም ያ ውጤት አልተገኘም፤ አጥኚዎቹ ከጠቀሷቸው ምክንያቶች አንዱ የአካባቢው ሕፃናት ቀድሞውኑ ዓሣ ይበሉ እንደነበር ነው። እንቁላሉ የሚጠቅመው ምንም ያላገኘውን ልጅ ነው ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው ደግሞ በየመንደሩ አለ። ብዙ እናቶች በጾም ወቅት ድስቱ እንዳይነካካ ብለው ለሕፃኑም እንቁላልና ወተት ያቆማሉ። ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ ግን ጾም አልተጣለበትም፤ ለእሱ አንዲት ትንሽ ድስት ብትለይለት ይበቃል።

ነፍሰ ጡሯ ጋ እንመለስ። በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ከመደበኛው በላይ በቀን 31 ግራም ያህል ፕሮቲን ያስፈልጋታል። እንቁላል ቀነሰች ተብሎ ምጥ አይቀልም፤ በደንብ ያልበላች እናት ክብደቱ ያነሰ ልጅ የመውለድ ዕድሏ ይጨምራል። «ወተትና ተልባ ልጁ ራስ ላይ ይለጠፋል» የሚባለውም፣ ሲወለድ ቆዳው ላይ የሚታየው ነጭ ቅባት ከወተት ስለሚመሳሰል የመጣ ነው። ቅባቱን የሚሠራው የሕፃኑ የራሱ ቆዳ ነው፤ እናቲቱ ወተት ብትጠጣም ባትጠጣም አለ።

የተረሱት አዛውንቶቹ ናቸው። «ዕድሜ ሲገፋ ምን ይበላል ብለህ ነው» ይባላል፤ እማማ አንድ ጉርሻ ፍትፍትና ሻይ ከቀመሱ በቃቸው። ጡንቻ በዕድሜ ስለሚሟሽሽና ሰውነት ለፕሮቲን የሚሰጠው ምላሽ ስለሚደክም፣ ከ65 ዓመት በላይ ላለ ሰው ባለሙያዎች የሚመክሩት ለአንድ ኪሎ ከ1 እስከ 1.2 ግራም ነው፤ ከወጣቱ ይበልጣል። ጥርስ ለከዳው ሰው ደግሞ አይብ፣ እርጎ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ የላመ የምስር ወጥ፣ ወፈር ያለ ሽሮ አለ። ጤነኛ ኩላሊት በዚህ አይጎዳም። ኩላሊቱ የተጎዳ ሰው ግን ነገሩ ይለያል፤ የስኳርና የደም ግፊት ሕመምተኞች ሳያውቁት ከዚህ ወገን ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ ምግባቸውን ከማብዛታቸው በፊት የክሬአቲኒን ምርመራ አድርገው መጠኑን ከሐኪም ይስሙ።