ራኑ ይቆጠራል፣ ማን ይመዝነዋል?

የሕንድ ራንጂ ዋንጫ ከ90 ዓመት በላይ የተጫዋቾችን ብቃት ሲመዘግብ ኖሯል። መዝገቡ ግን በሩን ለማን እንደሚከፍት ዛሬም ያከራክራል።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1948 ፑና ውስጥ የማሃራሽትራው ባውሳሄብ ኒምባልካር 443 ራን አስቆጥሮ፣ ገና ሳይሰናበት ለዕረፍት ከሜዳ ወጣ። የአውስትራሊያዊው ዶን ብራድማን የዓለም ክብረ ወሰን 452 ነበርና ዘጠኝ ቢጨምር ይደርስበታል። ተጋጣሚው ካቲያዋር ግን ከዕረፍት አልተመለሰም። አምበሉ የነበሩት የራጅኮት መስፍን ይህን ያህል መዋረድ ይበቃናል ብለው ጨዋታውን ለቀቁ። ከዚያ ወዲህ በፈርስት ክላስ ክሪኬት 443 የደረሰ ሕንዳዊ የለም። ኒምባልካር ግን ለአገሩ አንድም ይፋዊ የቴስት ጨዋታ ሳይሰለፍ የተጫዋችነት ዘመኑ አበቃ።

ይህ የሆነው በሕንድ የአገር ውስጥ ውድድር በራንጂ ዋንጫ ነው። የብሔራዊ ቡድን ስም ዝርዝር በወጣ ቁጥር የሚነሳውም ጥያቄ ያኔ ከነበረው ብዙ አልተለወጠም። አንድ ተጫዋች በአገር ውስጥ ውድድር ይህን ያህል ከሠራ ሌላ ምን ይጠበቅበታል? ደጋፊዎች መልሱ ቁጥሩ ላይ ነው ይላሉ። መራጮች ደግሞ ቁጥር ብቻውን አይበቃም ይላሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው። ችግሩ ያለው ቁጥሩ የሚመዘንበት ሚዛን ለተመዛኙ አለመገለጡ ላይ ነው።

በመዝገቡ ያልተጻፈው ቆብ

ዱባይ ወይም ዶሃ የኖረ አንባቢ ሕንዳውያንና ፓኪስታናውያን ሠራተኞች በዕረፍት ቀናቸው ባዶ ቦታ ላይ ክሪኬት ሲጫወቱ አይቶ ይሆናል። ያ የሰፈር ጨዋታ ነው። ፈርስት ክላስ የሚባለው ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ የሚፈጅ፣ እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ጊዜ የሚመታበት ጨዋታ ነው። መቺው ራን ያስቆጥራል፤ ወርዋሪው መቺውን ሲያሰናብት ዊኬት ይመዘገብለታል። የቡድኑ ተራ ኢኒንግ ይባላል። አገሮች በዚህ ረጅም ጨዋታ ሲገናኙ ቴስት ይሆናል። ለሕንዳዊ ተጫዋች ወደ ቴስት የሚወስደው የቆየው መንገድ በራንጂ በኩል ነው።

ውድድሩ የተጀመረው በ1934 ሲሆን ስሙን ያገኘው ለእንግሊዝ ቴስት ከተጫወቱት የናዋናጋር ገዢ ከራንጂትሲንጂ ነው። ዛሬ 38 ቡድኖች ይወዳደራሉ። ሙምባይ ዋንጫውን 42 ጊዜ ወስዳለች፤ ከእነዚህ ውስጥ 15ቱን ከ1958/59 ጀምሮ በተከታታይ ነው ያነሳችው።

የነጥብ አሰጣጡን ያላወቀ የተጫዋቹን ሥራ ሊፈርድ አይችልም። በምድብ ጨዋታ ለሙሉ ድል 6 ነጥብ ይሰጣል። ጨዋታው በአቻ ካለቀ በመጀመሪያው ኢኒንግ የበለጠው ቡድን 3፣ የተበለጠው 1 ያገኛል። በጥሎ ማለፍ ደግሞ አቻ ሲሆን በመጀመሪያው ኢኒንግ የበለጠው ያልፋል። ስለዚህ አንዲት ራን የአንድ ዓመት ልፋት ልትወስን ትችላለች።

በፌብሩዋሪ 2025 የሆነው ይኸው ነው። ኬራላ ሩብ ፍጻሜውን ጃሙና ካሽሚርን ያለፈችው በአንድ ራን ብልጫ ነበር። በግማሽ ፍጻሜው አህመዳባድ ላይ ከጉጅራት ጋር ስትጫወት 457 ራን ለማስመዝገብ ከሁለት ቀን በላይ መታች። መሐመድ አዝሃሩዲን ብቻውን ሳይሰናበት 177 አደረሰ። ጉጅራት በበኩሏ ተጠግታ ተጠግታ 455 ላይ ደረሰች። የቀራት የመጨረሻው ጥንድ መቺ ነው። አርዛን ናግዋስዋላ ኳሱን በኃይል መታው። ኳሱ ከመቺው አጠገብ ጎንበስ ብሎ የቆመውን የሳልማን ኒዛርን የራስ ቆብ ነጥሮ ወደ ላይ ተነሳና ከኋላ በቆመው በአምበሉ በሳቺን ቤቢ እጅ ገባ። ኬራላ በሁለት ራን ብልጫ በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ለፍጻሜ ደረሰች።

የውጤት መዝገቡ ኳሱን የያዘው ሳቺን ቤቢ፣ የወረወረው አዲትያ ሳርዋቴ ይላል። ኳሱን በራሱ ላይ የተቀበለው ኒዛር በዚያ መስመር የለም። አዝሃሩዲን ለ177ቱ 341 ኳስ ፈጀ፤ በሌላ ውድድር ይህ ዝግታ ያስወቅስ ነበር፤ እዚህ ግን ቡድኑን ያሳለፈው ዝግታው ነው። በአማካይ ስሌት ብቻ የሚፈርድ ሰው ሁለቱንም አያያቸውም።

68 ሁሉ 68 አይደለም

ቢሻን ሲንግ ቤዲ በ1974/75 የውድድር ዓመት 64 ዊኬት ወሰደ። ይህ ክብረ ወሰን 44 ዓመት ቆየ። በ2018/19 የቢሃሩ አሹቶሽ አማን 68 ወስዶ ሰበረው። ዓመቱ ግን ልዩ ነበር። ዘጠኝ ቡድኖች በአንድ ጊዜ ወደ ውድድሩ ገቡ፤ አብዛኞቹም በፈርስት ክላስ ተጫውተው የማያውቁ ነበሩ። አማን ዊኬቶቹን የሰበሰበው ከእነሱ ጋር በተመደበበት ዝቅተኛ ምድብ ነው። በቀጣዩ ዓመት ፈጣን ወርዋሪው ጃይዴቭ ኡናድካት በላይኛው ምድብ 67 ወስዶ ሳውራሽትራን ለመጀመሪያ ጊዜ ሻምፒዮን አደረገ። በ2024/25 ደግሞ የቪዳርባው የ22 ዓመት ወጣት ሃርሽ ዱቤይ 69 ወሰደ፤ እሱም በላይኛው ምድብ ነው።

በሠንጠረዥ ላይ 68 ከ67 ይበልጣል። ጨዋታውን የሚያውቅ ሰው ግን እንዲህ አይደረድራቸውም። ወደ መቺዎች ስንመጣም ያው ነው። የቢሃሩ ሳኪቡል ጋኒ በፌብሩዋሪ 2022 በመጀመሪያው የፈርስት ክላስ ጨዋታው 341 ራን አስቆጠረ። በመጀመሪያ ጨዋታው 300 ያለፈ ሰው በዓለም አልነበረም። ተጋጣሚው ግን ወደ ውድድሩ ከገባ ጥቂት ዓመት የሆነው ሚዞራም ነበር። የጋኒን ጥረት ማንም አያሳንስም፤ ሙምባይ ወይም ካርናታካ ላይ ከተመታ 341 ጋር እኩል ነው ብሎ የሚከራከርም የለም።

ሜዳውም ሌላ ጣጣ ነው። ኳሱ የሚነጥርበትን ጠባብ መደብ አስተናጋጁ ቡድን ለራሱ እንዲመቸው ያዘጋጀዋል የሚል ቅሬታ ለዓመታት ሲሰማ ኖሯል። አንዱ ኳሱን የሚያሾር ስፒን ወርዋሪ ስላለው ያደርቀዋል፤ ሌላው ፈጣን ወርዋሪ ስላለው ሣር ይተውለታል። የሕንድ ክሪኬት ቦርድ በ2016/17 ጨዋታዎቹ ሁሉ በገለልተኛ ሜዳ እንዲካሄዱ አድርጎ ነበር። ቡድኖች በገዛ ከተማቸው ሳይጫወቱ፣ ደጋፊም ሳያያቸው ዓመቱ አለፈና በቀጣዩ ዓመት ወደ ቀድሞው ተመለሰ። በደረቅ መደብ የተገኘ ስድስት ዊኬትና መቺ በሚወደው መደብ በላብ የተገኘ ሦስት ዊኬት የቱ እንደሚበልጥ ሠንጠረዡ አይናገርም።

ከፊትህ ማን ቆሟል?

ራጂንደር ጎኤል በራንጂ ዋንጫ 637 ዊኬት ወስዷል፤ እስካሁን አንደኛ ነው። ቴስት አልተጫወተም። ምክንያቱ ባጭሩ ቢሻን ሲንግ ቤዲ ነው። ሁለቱም በግራ እጃቸው የሚወረውሩ ስፒን ተጫዋቾች፣ ሁለቱም የአንድ ዘመን ሰዎች ናቸው። ቤዲ በቴስት 266 ዊኬት ወሰደ። በ1974 ቤዲ ከዌስት ኢንዲስ ጋር በሚደረገው የባንጋሎር ጨዋታ በሥነ ሥርዓት ጉዳይ ሲቀር ጎኤል ወደ ስብስቡ ተጠራ። ጠዋት አሥራ አንዱ ሲነበብ ግን ስሙ አልነበረበትም። የቦምቤዩ (የዛሬዋ ሙምባይ) ፓድማካር ሺቫልካርም እንዲሁ 589 የፈርስት ክላስ ዊኬት ይዞ ቀረ። ታዋቂው መቺ ሱኒል ጋቫስካር የሚያደንቃቸውን ተጫዋቾች በጻፈበት መጽሐፉ ሁለቱንም አካቷቸዋል። ሁለቱን መትቶ የሚያውቅ ሰው የሰጠው ፍርድ ነውና ከመራጮቹ ዝምታ ይልቅ ይከብዳል።

አሞል ሙዙምዳር በ1993/94 ለቦምቤይ በተሰለፈበት የመጀመሪያ ጨዋታ 260 ራን አስቆጠረ፤ በወቅቱ ለመጀመሪያ ጨዋታ የዓለም ክብረ ወሰን ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ መቺዎቹ ድራቪድና ጋንጉሊ በሎርድስ ቴስት ጀመሩ፤ ቴንዱልካር ቀድሞም ነበር፤ ላክስማንም ተከተለ። በመካከለኛው ተራ ለአምስተኛ ሰው ቦታ አልተረፈም። ሙዙምዳር ከ11,000 በላይ የፈርስት ክላስ ራን ይዞ፣ የሕንድን መለያ ሳይለብስ ጡረታ ወጣ። በኋላ የሴቶች ብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ ሆኖ በኖቬምበር 2025 የዓለም ዋንጫን አሸነፈ።

የጎኤልና የሙዙምዳር ነገር ያሳዝናል እንጂ ለመረዳት አያስቸግርም። ከፊታቸው የቆሙት ሰዎች የታወቁ ናቸው። ክርክሩ የሚመረው በሩ ክፍት ሆኖ ሳለ፣ ከፊት የቆመ ሰው በግልጽ ሳይታይ ተጫዋቹ ደጅ ሲጠና ነው።

የሙምባዩ ሰርፋራዝ ካን በ2019/20 928፣ ቀጥሎ በተካሄደው በ2021/22 ውድድር ደግሞ 982 ራን አስመዘገበ። በሁለተኛው አማካዩ 122.75 ነበር። ጥሪው ዘገየ። የሰውነቱ ውፍረት ወሬ ሆነ፤ ጋቫስካር ተጫዋች በቁመናው አይመረጥም ብሎ በአደባባይ ተቆጣ። በፌብሩዋሪ 2024 ራጅኮት ላይ ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ቴስት ተሰልፎ በሁለቱም ኢኒንግ ከ60 በላይ አስቆጠረ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ከኒው ዚላንድ ጋር 150 መታ። በቀጣዮቹ አራት ኢኒንጎች ግን 21 ብቻ አገኘ። በ2025 ለእንግሊዝ ጉዞ ሳይመረጥ ሲቀር የመራጮቹ ሰብሳቢ አጂት አጋርካር ያነሱት ይህንኑ ድርቀት ነው። እነዚያ አራት ኢኒንጎች የሕንድ ቡድን ባጠቃላይ በስፒን መደብ የተንኮታኮተባቸውና በገዛ አገሩ 3 ለ 0 የተሸነፈበት ተከታታይ ጨዋታ አካል መሆናቸው ግን አብሮ አልተመዘነም።

በእሱ ፈንታ በሩ የተከፈተለት ካሩን ናይር ነው። በ2016 ቼናይ ላይ በቴስት ሳይሰናበት 303 አስቆጥሮ፣ በቀጣዩ ዓመት ከቡድን ወጥቶ ለዓመታት ተረስቶ ነበር። በ2023 ከካርናታካ ወደ ቪዳርባ ተሻገረ፤ በ2024/25 ራንጂ 863 ራን አስቆጠረ። በኬራላ ላይ በተደረገው ፍጻሜ ሁለተኛ ኢኒንግ 31 ላይ ሳለ የመታው ኳስ ከተከላካይ እጅ አምልጦ ወደቀ፤ እሱም 135 አደረሰ። በእንግሊዝ ግን ከአራት ቴስት 205 ራን ብቻ አግኝቶ እንደገና ወጣ። ታዲያ ራንጂው ዋሽቷል? አልዋሸም። ራንጂ ሰው በሕንድ መደብ፣ በሕንድ አየር ረጅም ጊዜ መቆም መቻሉን ይመሰክራል። ኳስ በሚታጠፍበት በእንግሊዝ አየር ምን እንደሚሆን ለብቻው የሚጠየቅ ነው።

ዓይን ያያል

ቁጥር የማይነግረውን የሚያይ ሰው እንደሚያስፈልግ ቦርዱ ቀድሞም ገብቶታል። በ2002 ተሰጥኦ ፈላጊ ክፍል አቋቁሞ የቀድሞ ተጫዋቾችን በየከተማው ላከ። ከእነሱ አንዱ፣ የቤንጋል አምበል የነበሩት ፕራካሽ ፖዳር፣ በ2003 ጃምሼድፑር ላይ ለጃርክሃንድ የሚጫወት አንድ ወጣት አይተው ለብሔራዊው አካዳሚ ሪፖርት ላኩ። ወጣቱ ማሄንድራ ሲንግ ዶኒ ነበር። ከስምንት ዓመት በኋላ ሕንድን በአምበልነት መርቶ የዓለም ዋንጫ አነሳ። ፈጣኑን ወርዋሪ ጃስፕሪት ቡምራንም አሠልጣኙ ጆን ራይት በአጭሩ የጨዋታ ዓይነት ውድድር አይተው ለሙምባይ ኢንዲያንስ ክለብ ያስፈረሙት ገና በራንጂ ሳይሰለፍ ነው።

ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል ይባላል። ዓይኑ ግን ስንት ቦታ ይደርሳል? 38 ቡድን ሲጫወት በአንድ ዙር እስከ 19 ጨዋታ ይደረጋል። መራጮቹ አምስት ናቸው። አብዛኛው ጨዋታ በቴሌቪዥን አይተላለፍም። ስለዚህ ቁጥር አይበቃም የሚለው መራጭ ራሱ ለአብዛኛው ተጫዋች ከቁጥር ሌላ ማስረጃ የለውም።

በጃንዋሪ 2025፣ ሕንድ በአውስትራሊያ ከተሸነፈች በኋላ፣ ቦርዱ ኮከቦቹ በአገር ውስጥ ውድድር እንዲሳተፉ ግዴታ ጣለ። ቪራት ኮህሊ ከ2012 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በራንጂ ለደልሂ ተሰለፈ፤ ሺህዎች ሊያዩት ወደ ስታዲየሙ ጎረፉ። የባቡር ሠራተኞቹ ቡድን ወርዋሪ ሂማንሹ ሳንግዋን ኮህሊን 6 ላይ እንጨቱን ነቅሎ አሰናበተው። ሳንግዋን ለዓመታት በራንጂ ዊኬት ሲወስድ ኖሯል፤ አገሩ ስሙን የያዘው ግን በዚያች አንድ ኳስ ነው። ለመራጭ ሳንግዋንን ሊነግረው የሚገባው የዓመታቱ ሥራ እንጂ የዚያች ቀን ጭብጨባ አልነበረም።

ፍትሐዊ ሚዛን ምን እንደሚጠይቅ ከዚህ ሁሉ ማየት አያስቸግርም። ዊኬቱ በየትኛው ምድብ፣ በምን ዓይነት መደብ፣ በማን ላይ እንደተገኘ፤ ራኑም ቡድኑ አንዲት ራን በፈለገበት ሰዓት መጣ ወይስ ጨዋታው ካለቀለት በኋላ፤ ይህ ከቁጥሩ ጋር አብሮ ሊጻፍ ይችላል። ጨዋታዎቹን በካሜራ መቅረጽም በዓለም እጅግ ሀብታም ለሆነው የክሪኬት ቦርድ የሚከብድ ወጪ አይደለም። ከሁሉ በላይ ግን መራጭ ቁጥሩን አልፎ ሌላ ሰው ሲመርጥ ለተተወው ተጫዋች የጎደለህ ይህ ነው ብሎ በግልጽ መናገር አለበት። መራጭ ሊሳሳት ይችላል፤ ያ መብቱ ነው። ምክንያቱን መደበቅ ግን መብቱ መሆን የለበትም። ጎኤል 637 ዊኬት ወስዶ የቀረው በቤዲ ምክንያት መሆኑን ያውቅ ነበር። የዛሬው ተጫዋች ቢያንስ ያንን ያህል ማወቅ ይገባዋል።