የዓሣ ኩሬ መኖ፦ ፕሮቲኑን ከቅርባችን እንፈልግ

የሰበካ ጉባኤያት የዓሣ ኩሬ ለመቆፈር ሲመክሩ ውይይቱ ብዙውን ጊዜ በቦታውና በውኃው ላይ ያተኩራል። ይህ ተገቢ ነው። «ቢዮ» በሶማልኛ ውኃ ማለት እንደ መሆኑ፣ የቢዮ አዋሌ ስም ራሱ በድሬዳዋ ቆላ ውኃ ያለውን ክብር ያስታውሳል። ይሁን እንጂ ኩሬው ከተሞላ በኋላ ከፍተኛውን ወጪ የሚጠይቀው መኖ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከጠቅላላው የማምረቻ ወጪ ከግማሽ በላይ ይወስዳል። አስቀድሞ ካልታሰበበት የምእመናን መዋጮ የተቆፈረበት ኩሬ ባዶውን ሊቀር ይችላል።

መኖን የሚያስወድደው ፕሮቲኑ ነው። ሞቃት ውኃ የሚስማማው ቆሮሶ በዕድገቱ ወቅት ከ28 እስከ 32 በመቶ ፕሮቲን ያለው መኖ ያስፈልገዋል፤ ለጫጩቶቹ ደግሞ መጠኑ ከዚህ ይበልጣል። በዓለም ገበያ የተለመደው የፕሮቲን ምንጭ የዓሣ ዱቄት ነው። ፔሩ ከዋነኞቹ አምራቾች አንዷ በመሆኗ፣ በኤል ኒኞ ምክንያት ባሕሯ ሲሞቅ ምርቱ ይቀንሳል፤ ዋጋውም ይንራል። ስለዚህ ምትክ መፈለግ ግድ ነው።

ቀዳሚው ምትክ ፋጉሎ ነው። የኑግ ፋጉሎ 33 በመቶ፣ የኦቾሎኒ ፋጉሎ 45 በመቶ፣ የስንዴ ፉርሽካ 16 በመቶ ገደማ ፕሮቲን አላቸው። በኦቾሎኒ ምርቷ የታወቀችው ባቢሌም ከድሬዳዋ ሩቅ አይደለችም። ለምሳሌ 35 ኪሎ የኑግ ፋጉሎ፣ 25 ኪሎ የኦቾሎኒ ፋጉሎና 40 ኪሎ ፉርሽካ ቢደባለቁ፣ 100 ኪሎው መኖ 29 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ይኖረዋል።

ሁለተኛው «ጥቁር ወታደር» የተባለችው ዝንብ እጭ ነው። እጩ የአትክልትና የፍራፍሬ ተረፈ ምርት በልቶ ያድጋል፤ ሲደርቅም 40 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ይይዛል። ዝንቧ እንደ ቤት ዝንብ በሰው ምግብ ላይ የምታርፍ አይደለችም። የሽፈራው ቅጠል ዱቄትም በጥቂቱ ሊጨመር ይችላል።

ጥንቃቄው እንዲህ ነው። የሻገተ የኦቾሎኒ ፋጉሎ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ሊኖረው ስለሚችል ፈጽሞ ለመኖ አይዋል። የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ ጎሲፖል የተባለ ጎጂ ንጥረ ነገር ስላለው መጠኑ ይገደብ። አኩሪ አተር ሳይቆላ አይሰጥ። የዕፀዋት ፕሮቲን ለዓሣ የሚያስፈልጉትን አሚኖ አሲዶች ሁሉ በበቂ መጠን ስለማይይዝ፣ በአንድ ዓይነት ፋጉሎ ብቻ መወሰን አይገባም።

ስለዚህ ኮሚቴዎች ቁፋሮ ከመጀመራቸው በፊት የፋጉሎውን ዋጋ በየወሩ ይመዝግቡ፤ ደረቅ ማከማቻም ያዘጋጁ። ድብልቁንም በሰበታው የዓሣ ምርምር ማዕከል ወይም በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ያስገምግሙ። ከሁሉ በላይ፣ ለመኖ የሚውለው ከማዕድ የተረፈው እንጂ ለሰው ማዕድ የሚበቃው እህል እንዳይሆን አደራ እንላለን።